«ፍላሹ አይሰራም» ሲባል ከየት እንጀምር?

ደሴ ውስጥ የቤተሰቡን ካሴት ይዞ መጥቶ ወደ ፍላሽ የሚያስገለብጥ ሰው ዛሬም አለ። የአባት መንዙማ፣ የሰርግ ቅጂ፣ የድሮ ትዝታ። ቅሬታው የሚመጣው ከርክክቡ በኋላ ነው፤ «ዘፈኑ የለም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዘፈኑ አለ፣ ያልተግባባው ማጫወቻው ነው። ስለዚህ ገና ካሴቱን ስትቀበሉ «በምንድን ነው የሚሰሙት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል፣ መኪና ላይ እምቢ ይላል

ብዙ የመኪና ቴፖች የሚያነቡት ፋት 32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ (ፎርማት) የተፎረመተ ፍላሽ ብቻ ነው። ትልልቅ ፍላሾች ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፋት በሚባለው ሌላ ፎርማት ተፎርምተው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ትንሹን ምረጡ። በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሹፌር 16 ጊጋ ይበቃዋል። የ60 ደቂቃ ካሴት በ192 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲሆን 86 ሜጋ ገደማ ነው የሚይዘው። ከ150 በላይ ካሴት ይገባል ማለት ነው። ዋቩን (ያልታመቀውን ቅጂ) ለራሳችሁ ሃርድ ዲስክ አስቀሩት፤ በሲዲ ጥራት አንዱ ሰዓት ከ600 ሜጋ ያልፋል። ለደንበኛው ኤምፒ3 ስጡት።

ስሙ ሳጥን ሳጥን ሆኗል፣ ተራውም ተዘበራርቋል

ቴፑ የአማርኛ ፊደል አያውቅም። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፉና ከፊቱ 01፣ 02 እያላችሁ ቁጥር ስጡት። ቁጥሩ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ርካሽ ማጫወቻዎች ስሙን ትተው ፋይሉ ኮፒ የተደረገበትን ተራ ይከተላሉ። ፍላሹን ባዶ አድርጉና አንድ በአንድ በተራው ጫኑ። ሳይድ ኤ ላይ ተቋርጦ ሳይድ ቢ ላይ የሚቀጥል መንዙማ ተገለባብጦ ሲሰማ ያሳዝናል፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ደህና ይጫወታል፣ ከዚያ ይንተባተባል ወይም ዝም ይላል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋ የተጻፈበት ፍላሽ ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ኮፒ ስታደርጉ ኮምፒውተሩ ምንም አይላችሁም። የፋይሉ ስም ይታያል፣ መጠኑም ይታያል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ደንበኛው የሚያውቀው ዘፈኑ ሲቆም ነው። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ ትክክለኛውን መጠንም ይነግራችኋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ ለቃችሁት ሂዱ። ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ጥገና የለውም፣ ለሻጩ መልሱ። ሳይፈተሽ የሰው ትዝታ የሚጫንበት ፍላሽ መኖር የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ፎልደሮቹ ሾርትከት ሆነዋል

ቫይረስ ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱ። ፍላሹን በአንቲቫይረስ አስፈትሹ፣ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ዘፈኖቹ እዚያው ናቸው። ወደ ሌላ ቦታ አውጧቸውና ፍላሹን ፎርማት አድርጉ።

የዘፋኙ ድምፅ ወፍሯል፣ ዜማውም ይጎተታል

እዚህ ላይ ፍላሹ ንጹህ ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት፤ ከማጫወቻችሁ ሞተር ጋር የተያያዘው ጎማ (ቀበቶ) ከላላ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ቃናውም አብሮ ይወርዳል። ባቲና አምባሰል የቅኝትም የአገርም ስም በሆኑበት ወሎ ይሄ ከሰው ጆሮ አያመልጥም። ጎማውን ቀይሩ፣ ፍጥነቱን አስተካክሉና እንደገና ቅዱ። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ደግሞ ሄዱን (የካሴቱን ክር የሚያነበውን ክፍል) በጥጥና በአልኮል ጥረጉት። ካልጠራ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን እየሰማችሁ በጣም በዝግታ አዙሯት፤ የጭብጨባውና የክራሩ ድምፅ ጥርት ሲል አቁሙ። ካሴቶች የተቀዱባቸው ማሽኖች ስለሚለያዩ ለየካሴቱ ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል።

ስታስረክቡ ፍላሹን ዝም ብላችሁ አትንቀሉት፣ «ኢጀክት» በሉት። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ የተቋረጠውን ፋይል አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑ። ደንበኛው መኪና ይዞ ከመጣ እዚያው መኪናው ላይ ሰክታችሁ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ዘፈን አሰሙት። ካሴቱንም መልሱለት፤ ፍላሽ ሳይታሰብ ሊበላሽ ስለሚችል እንዳይጥለው ንገሩት።