በሲ ቋንቋ ዳይሬክተሪ ሲነበብ የፋይልን ዓይነት የሚያሳስቱ ስህተቶች

በአንድ ዳይሬክተሪ (ፎልደር) ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚዘረዝር ፕሮግራም መጻፍ ቀላል ይመስላል። በ«ኦፕንዲር» ይከፈታል፣ በ«ሪድዲር» ስሞቹ አንድ በአንድ ይነበባሉ፣ በ«ስታት» ደግሞ ተራ ፋይሉ ከዳይሬክተሪው ይለያል። ጣጣው ያለው በመጨረሻው ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ስሙን ብቻ ለ«ስታት» መስጠትን ነው። «ሪድዲር» የሚመልሰው ስም እንጂ ሙሉ መንገድ፣ ማለትም ፋይሉ የሚገኝበት ሙሉ አድራሻ፣ አይደለም። «ስታት» በበኩሉ የተሰጠውን ስም የሚፈልገው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ዳይሬክተሪ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው «ቤት» ውስጥ ሆኖ የሚያነበው «ሥራ» የተባለውን ዳይሬክተሪ ነው እንበል። «ሥራ» ውስጥ «ደብዳቤ» የሚባል ዳይሬክተሪ አለ። ለ«ስታት» «ደብዳቤ» ብለን ብንሰጠው የሚፈልገው «ቤት» ውስጥ ነው፤ ያጣውና የመክሸፍ ምልክት የሆነውን -1 ይመልሳል። ይህ እንኳ ደግ ነው። «ቤት» ውስጥም «ደብዳቤ» የሚባል ተራ ፋይል ካለ ግን፣ ምንም የስህተት ምልክት ሳያሳይ ስለዚያኛው ይነግረናል፤ እኛም ዳይሬክተሪውን ተራ ፋይል ነው ብለን እናልፈዋለን። ስህተቱ በሙከራ ጊዜ የማይታየው ብዙ ሰው ፕሮግራሙን የሚሞክረው እዚያው በሚሠራበት ዳይሬክተሪ ላይ ስለሆነ ነው። የዳይሬክተሪውን መንገድና ስሙን መቀጠል ይቻላል፤ እኔ የምመርጠው ግን «ኤፍስታትአት»ን ነው። በ«ዲርኤፍዲ» የተገኘውን፣ የተከፈተው ዳይሬክተሪ የሚታወቅበትን ቁጥር ከስሙ ጋር ይቀበላል፤ መንገድ መቀጣጠልም ሆነ ቦታው ይበቃ ይሆን ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

«ስታት» የመለሰውን ዋጋ አለመፈተሽ ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ጥፋት ነው። ጥሪው ሲከሽፍ መረጃ መቀበያው ውስጥ ያለፈው ፋይል መረጃ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ስም የቀደመውን ስም ዓይነት ይዞ ይታተማል፤ ዝርዝሩም ትክክል ይመስላል።

«ስታት»ን ለመዝለል ብለው «ሪድዲር» በሚመልሰው ውስጥ ያለውን የዓይነት ቁጥር፣ «ዲ_ታይፕ»ን፣ የሚጠቀሙ አሉ። በሊኑክስና በቢኤስዲ ላይ «ሪድዲር» ዓይነቱን ከስሙ ጋር ይሰጣል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ባሉበት ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን ሁሉም የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት ዘዴ) ይህን አይሞላም። ኤክስት4 እና ቢቲአርኤፍኤስ ይሞላሉ፤ ሌሎች «ዲቲ_አንኖውን» ማለትም 0 ሊመልሱ ይችላሉ። 0 ማለት «አላውቅም» ማለት እንጂ «ዳይሬክተሪ አይደለም» ማለት አይደለም። ይህ መልስ ሲመጣ ወደ «ኤፍስታትአት» መመለስ ግድ ነው፤ አለበለዚያ በራስዎ ማሽን ላይ የሠራው ፕሮግራም በሌላ ዲስክ ላይ ንዑስ ዳይሬክተሪዎችን በሙሉ ሳያያቸው ያልፋል።

ዓይነቱን በቢት ማጣሪያ መፈተሽ ሌላው ነው። በ«ዲ_ታይፕ» የዳይሬክተሪ የዓይነት ቁጥር 4 ነው፣ የብሎክ መሣሪያ (እንደ ዲስክ ያለ) 6፣ የሶኬት (ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት) 12። በሁለትዮሽ ስንጽፋቸው 0100፣ 0110 እና 1100 ይሆናሉ፤ ሦስቱም የ4 ቢት አላቸው። ስለዚህ በ«እና» ኦፕሬተር ከ4 ጋር ሲፈተሹ ሶኬቱም ዳይሬክተሪ ተብሎ ያልፋል። እነዚህ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ሙሉ ዋጋ የሚታዩ እንጂ በቢት የሚነጣጠሉ ምልክቶች አይደሉም፤ በእኩልነት ይነጻጸሩ። «ስታት» ዓይነቱን ለሚያስቀምጥበት «ኤስቲ_ሞድ» ደግሞ «ኤስ_ኢስዲር» የተባለው መፈተሻ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

በጣም የምፈራው ስህተት ሲምቦሊክ ሊንክን፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል ወይም ዳይሬክተሪ የሚጠቁመውን ፋይል፣ የሚመለከተው ነው። «ስታት» ሊንኩን ተከትሎ ስለ መድረሻው ይናገራል፤ ስለ ሊንኩ የሚናገረው «ኤልስታት» ነው። ዳይሬክተሪ ከነይዘቱ የሚሰርዝ ፕሮግራም በ«ስታት» ከተመራ፣ ውስጡ ያለ አንድ ሊንክ ከተፈቀደለት ቦታ አውጥቶ የሌላ ሰው ፋይሎች ላይ ይጥለዋል። ወደ ወላጁ የሚያመለክት ሊንክ ካለ ደግሞ እየዞረ እዚያው ይመለሳል። በ«ኤፍስታትአት» ሊንክ እንዳይከተል የሚያዝዘው ምልክት «ኤቲ_ሲምሊንክ_ኖፎሎው» ነው።

አንድ ነጥብና ሁለት ነጥብ ብቻ የሆኑት ስሞች ራሱ ዳይሬክተሪውና ወላጁ ናቸው፤ ወደ ውስጥ እየዘለቁ ሲያነቡ ይዝለሏቸው። «ሪድዲር» ባዶ ሲመልስም ስሞቹ አልቀው ወይም ንባቡ ከሽፎ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ከእያንዳንዱ ጥሪ በፊት የስህተት ቁጥር የሚቀመጥበትን «ኤርኖ»ን 0 ያድርጉት፤ ባዶ ከመጣ በኋላ ከ0 ሌላ ሆኖ ከተገኘ ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው።