የጡብ ምድጃ ሲሰነጠቅ፦ ሲሚንቶውን አስቀምጡት

ግቢያችሁ ውስጥ በጡብ የተሠራ የእንጨት ምድጃ ካለ ስንጥቅ አይታችኋል። ካላያችሁ ገና በደንብ አላነደዳችሁትም ማለት ነው። ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ፣ ለድፎ ዳቦም ይሁን ለፒዛ፣ ምድጃ የሠራ ሰው አንድ ቀን መደወሉ አይቀርም፦ «ነቃብኝ፣ ሲሚንቶ ልምታበት?» አትምቱበት። ስንጥቁ ብቻውን ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ በላዩ የሚለጠፈው ሲሚንቶ የሚያደርሰው ይብሳል።

ለምን ይሰነጠቃል?

ጡብ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ለፒዛ በደንብ በተነደደ ምድጃ የውስጡ ገጽ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በዚያው ሰዓት የውጪውን ልስን በእጃችሁ ልትነኩት ትችላላችሁ። ውስጡ ልስፋ ይላል፣ ውጪው አልለቅም ይላል። ጡብና ጭቃ ሲጫኗቸው ይችላሉ፣ ሲስቧቸው ግን አቅም የላቸውም። ስለዚህ ውጪው ይነቃል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ የምድጃ ጠባይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። ውሃ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል። ግንቡ ሳይደርቅ ኃይለኛ እሳት ከተለቀቀበት እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ግድግዳውን ገፍቶ ይወጣል። ያልተሟሸ ምጣድ እሳት ላይ ሲጣድ ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቁታል፤ ምድጃም ይሟሻል። ግንበኛው ትናንት ጨርሶ ዛሬ ፒዛ የሚጋገርበት ቤት ስንጥቁን በገዛ እጁ ጠርቶታል።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። መሠረቱ ያረፈው ጥቁር መረሬ ላይ ከሆነ፣ መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ያኔ የሚሰነጠቀው ጉልላቱ ብቻ አይደለም፣ ምድጃው የቆመበት መደብም ጭምር ነው።

መጀመሪያ እዩት

ምድጃው ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ወፍራም ጡብ ሙቀት ስለሚይዝ ቢያንስ አንድ ቀን ጠብቁ። ለማፋጠን ብላችሁ ውሃ እንዳትረጩ፣ ሌላ ስንጥቅ ትጨምራላችሁ። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ አጮልቁ።

የስንጥቁን ስፋት ለመገመት የኤቲኤም ካርድ ይበቃል። ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። ካርዱ የማይገባበት የውጪ ልስን ስንጥቅ ፀጉር ነው፣ ተዉት። ሲሞቅ ከፈት ይላል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገጥማል። እንዲህ ያለውን በየሳምንቱ የሚደፍን ሰው አይቻለሁ፤ ሥራ ፍለጋ ነው።

ካርዱ ከገባ የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን አጠገቡ ጻፉ። ሦስት አራት ጊዜ አንድዳችሁ ተመልከቱት። ጫፉ ምልክቱን አልፎ ካልሄደ ቆሟል ማለት ነው፣ ሊደፈን ይችላል። መደቡ ላይ ላለ ስንጥቅ ደግሞ ትንሽ ጀሶ አቋርጣችሁ ለጥፉበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ መሬቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ያኔ ከላይ መለጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው፤ መጀመሪያ የዝናቡን ውሃ ከመሠረቱ አርቁ። ጀሶውን እሳት ያለበት ቦታ አትሞክሩት፣ ሙቀት አይችልም።

አንድ ሙከራ ልጨምር። ሲመሽ ትንሽ እርጥብ ጭድ ውስጥ አጭሱና አፉን በቆርቆሮ ጋርዱት። ባትሪ ስታበሩበት ጭሱ በየት በኩል ሾልኮ እንደሚወጣ ይታያል። ጭስ የሚያስወጣ ስንጥቅ መደፈን አለበት። ምድጃው በተዘጋ ማዕድ ቤት ውስጥ ከሆነ ወይም ስንጥቁ ጭስ ማውጫው ጣሪያ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ እስኪጠገን ድረስ ምንም አታንድዱ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። የመሀል ከተማ ግቢዎች ደግሞ እርስ በርስ የተጠጉ ናቸው። ከጭስ ማውጫ ያመለጠ ፍንጣሪ የጎረቤት ጣሪያ እንጨት ለማግኘት ሩቅ አይሄድም።

ሲሚንቶ ለምን አይሆንም?

ተራ ሲሚንቶ ከ300 ዲግሪ በላይ ጥንካሬው እየቀነሰ ይሄዳል። ከ400 ዲግሪ በኋላ ውስጡ ያለው የኖራ ክፍል ውሃውን ይለቃል። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ያው ክፍል ከአየሩ እርጥበት ይስብና ያብጣል፣ ከዚያ ይፈረካከሳል። ሌላም ችግር አለ። ሲሚንቶ ከጭቃ ይልቅ ግትር ነው። ስንጥቁ ሲሞቅ መንቀሳቀስ ይፈልጋል፣ ሲሚንቶው እንቢ ይላል፣ በመጨረሻ ጡቡ አጠገቡ ይሰበራል። ቀድሞ በአንድ ቦታ የነበረው ስንጥቅ አሁን ሁለት ሆነ ማለት ነው። ግንበኛ ስትጠሩ «ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ካላደረግኩበት አይዝም» ማለቱ አይቀርም። በትህትና እንቢ በሉት።

ጭቃው

የሚያስፈልገው ሸክላነት ያለው አፈርና የጡብ ዱቄት ነው። አፈሩን ከመሠረት ቁፋሮ ከወጣ ክምር ማግኘት ይቻላል፤ ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ ቁፋሮ የጠፋበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ቀዩን ምረጡ፣ ጥቁሩን መረሬ ተዉት፣ ሥርና ቅጠል ያለበትን የላይ አፈርም አትውሰዱ። ጥራቱን ለማወቅ ሃይላንድ ውስጥ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉና በደንብ ነቅንቁት። አሸዋው ወዲያው ከታች ይቀመጣል፣ ሸክላው መጨረሻ ላይ ከላይ ይተኛል። በማግስቱ የላይኛው ንጣፍ ወፍራም ሆኖ ካገኛችሁት አፈሩ ይሆናል።

የጡብ ዱቄቱን ከተሰበረ ሸክላ ጡብ ወቅጣችሁ በወንፊት ንፉት። የብሎኬት ስብርባሪ አትቀላቅሉ፣ እሱ ሲሚንቶ ነው። የጡብ ዱቄት አንዴ እሳት ያየ ስለሆነ እንደገና አይኮማተርም፤ አዲሱ ጭቃ ሲደርቅ እንዳይነቃ የሚይዘው እሱ ነው። ካጣችሁ ንጹሕ የወንዝ አሸዋ ይተካዋል።

መጠኑ እንደ አፈሩ ይለያያል። አንድ እጅ አፈር ለሁለት፣ ለሦስት እና ለአራት እጅ ዱቄት ቀላቅላችሁ ጣት የሚያካክሉ ሦስት ቁራጮች ሥሩና ጥላ ውስጥ ይድረቁ። የተሰነጠቀው አፈር በዝቶበታል። በጣት ሲነካ የሚራገፈው ዱቄት በዝቶበታል። በመሀል ያለውን ያዙ። ጭቃው ጠንከር ብሎ ይቦካ፣ በእጅ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይያዝ። አንድ ሌሊት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያድር ይበልጥ ይለሰልሳል። ለውስጥ ጭድ አይጨመርም፣ ይቃጠላል። ለውጪ ልስን ግን የጤፍ ጭድ እንደ ጭቃ ቤት ምርጊት በደንብ ይይዛል።

አደፋፈኑ

ጥቀርሻውን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ። የላላውን ነገር ሁሉ በቀጭን መሮ አውጡ፣ የቆየ ሲሚንቶ ካለም ጭምር። ስንጥቁ ከአፉ ይልቅ ወደ ውስጥ ሰፋ እንዲል አድርጋችሁ ፈልፍሉት፤ እንዲህ ከሆነ ጭቃው ሲደርቅ ተንሸራቶ አይወጣም። ጥልቀቱ የስፋቱን እጥፍ ያህል ይሁን።

አሁን የሚመጣውን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ስንጥቁን በውሃ አርጥቡት። የሃይላንድ ክዳን በምስማር ብሱና እንደ መርጫ ተጠቀሙበት። ደረቅ ጡብ የጭቃውን ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጥጣል፣ ጭቃውም ሳይያያዝ አቧራ ሆኖ ይቀራል። ጡቡ ጠቆር እስኪል አርጥቡ፣ ውሃ እንዳይንጠባጠብ ግን ተጠንቀቁ።

ከዚያ ጭቃውን በአውራ ጣትና በጠፍጣፋ ቢላ እየጠቀጠቃችሁ አስገቡ። ከላይ መቀባት አይደለም፣ ወደ ውስጥ መጫን ነው። ስንጥቁ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ከሰፋ ጭቃ ብቻ አትሙሉበት፤ የጡብ ፍንካች እየሰካችሁ በዙሪያው ጭቃ አድርጉ። ጥልቅ ከሆነ በሁለት ዙር ሥሩት። ሲያልቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑና ለአራት አምስት ቀን ቀስ ብሎ ይድረቅ። የበጋ ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል።

ጭስ ማውጫውና ጉልላቱ የሚገናኙበት ቦታ ግን በጭቃ ቢደፈን ደጋግሞ ይነቃል፣ ምክንያቱም ሁለቱ የሚለጠጡት በተለያየ መጠን ነው። እዚያ ላይ አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ ክፍተት ተዉና እሳት የማይበላው ከመስታወት ክር የተሠራ (ፋይበርግላስ) ገመድ ጠቅጥቁበት። አሮጌ አስቤስቶስ የሚያቀርብላችሁ ሰው ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

የወለል ጡብ ከተሰነጠቀ ጣጣ የለውም። በአሸዋ ላይ ያለ ጭቃ የተደረደረ ከሆነ አንሥቶ በሌላ መተካት ነው። ከፈረሰ ቤት የተገኘ ጡብ ከወሰዳችሁ ሁለቱን አጋጩ፤ ደህናው ያቃጭላል፣ የነቃው ድፍን ድምፅ ያሰማል።

ማሟሸት

በመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ ጭራሮ ለጥቂት ሰዓት፣ በቃ። እሳቱን መሀል ላይ አድርጉት፣ ግድግዳውን አይላስ። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ ሳምንት ያህል ቀጥሉ። የባህር ዛፍ ፍልጥ ወደ መጨረሻው ይምጣ። ማታ ሲበርድ የውጪውን ልስን በፌስታል ሸፍኑት። ጠዋት የፌስታሉ ውስጥ ካላበ ውሃ አለ፣ ትንሽ እሳት ጨምሩ እንጂ ትልቅ አታድርጉ። ጉልላቱ በመጀመሪያ ይጠቁራል፣ ሙቀቱ ወደ 350 ዲግሪ ሲጠጋ ጥቀርሻው ተቃጥሎ ጡቡ ይነጣል። ላቡ ከፌስታሉ ሳይጠፋ እዚያ አትድረሱ።

ጥገናውን ከመስቀል በኋላ ብታደርጉት ይመረጣል። በክረምት የተለጠፈ ጭቃ አይደርቅም። ውጪውን በዘይት ቀለም ወይም በሲሚንቶ ልስን አትሸፍኑ፣ እንፋሎቱን ያፍነዋል። ነጭ ኖራ መቀባት ይቻላል፣ ያስተነፍሳል። ከላይ የቆርቆሮ ጥላ ቢኖረው ግማሹ ችግር ይቀላል። ክረምቱን ሳይነድ የከረመ ምድጃም የመጀመሪያ ቀኑ ጭራሮ ነው፣ ጥገና ባይኖረውም።

የማይደፈንም አለ። የስንጥቁ አንድ ወገን ከሌላው ዝቅ ካለ፣ ጉልላቱ ጠፍጠፍ ካለ፣ ወይም የቅስቱ መሀል ጡብ ወደታች ከወረደ፣ ጭቃ አታባክኑ። እጃችሁንም ሆነ ጭንቅላታችሁን ውስጥ አታስገቡ። ውጪ ሆናችሁ ከሥሩ በእንጨት ደግፉት፣ ከዚያ የላላውን ክፍል ከላይ ወደ ታች አፍርሱት። ደህናው ጡብ ለሚቀጥለው ምድጃ ይሆናል፤ የቆየውን ጭቃ ከላዩ አራግፉና ጥላ ውስጥ ደርድሩት።