ሎጋ፣ ሸንቃጣ፣ ፈርጣማ፦ ጎንደር ሆኖ የስፖርተኛን ውበት ማጣጣም

ወንድ ለሚወድ ወንድ ጎንደር ውስጥ ዓይኑን ሳይሳቀቅ የሚያሳርፍበት ቦታ ብዙ አይደለም። የዲኤስቲቪ ቤት ግን አንዱ ነው። ቤት ሙሉ ወንድ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ 90 ደቂቃ ሙሉ የሌላ ወንድ እግር፣ ትከሻና አሯሯጥ ያያል፣ ይጮኻል፣ ስለ ቁመናው ይከራከራል፤ «አንተ ደግሞ ምን ታያለህ?» የሚል የለም። ይህ ጽሑፍ ያንን ደስታ አሳምሮ ለማጣጣም ነው። መነሻው ስፖርቱን ጠንቅቆ ማወቅ ነው። የትኛው ጡንቻ ምን እንደሚሠራ ያወቀ ሰው ከማያውቀው የበለጠ ውበት ያያል፤ አፍጥጦ ቢቀመጥም ሰው የሚያየው ጨዋታ የገባው ተመልካች ነው።

ሰዓትና መቀመጫ

አውሮፓውያን ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት፣ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ደግሞ ወደኋላ ያዞራሉ፤ እኛ አናዞርም። ስለዚህ በመስከረም 11 ሰዓት ላይ የሚጀምሩት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ ጨዋታዎች በኅዳር 12 ሰዓት ይሆናሉ። የቻምፒዮንስ ሊጉ የማታ ጨዋታም ከምሽቱ 4 ወደ 5 ሰዓት ይሸጋገራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጨዋታው ሲያልቅ ሌሊት 7 ሰዓት ሊሞላ ነውና ባጃጅ የሚያመጣልህን ሰው ከእረፍት በፊት ተነጋገር።

ጨዋታው ከመጀመሩ 20 ደቂቃ ቀድመህ ግባ። ሁለቱ ቡድኖች ከመልበሻ ክፍል ወጥተው መተላለፊያው ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ ካሜራው ከፊት ለፊታቸው ነው፤ ብሔራዊ ቡድኖች ከሆኑ መዝሙሩ ሲዘመር ፊታቸውን አንድ በአንድ እያለፈ ያሳያል። ላብ ያልነካው ግንባር፣ ካልሲውን ለማስተካከል ጎንበስ ያለ ጀርባ፣ ሕፃን ልጅ እጁን ይዞ ዝም ያለ ግዙፍ ተከላካይ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ረጋ ያለ ቅርብ ምስል በቀላሉ አይገኝም።

የምትቀመጠው ከስክሪኑ ፊት ለፊት፣ መሃል ረድፍ ላይ ይሁን። ከጎን ስታየው የብዙ ቴሌቪዥን ቀለም ይደበዝዛል፤ ከኋላ ከሆንክ ደግሞ ጎል በገባ ቁጥር የሚነሣ ሁሉ ይጋርድሃል። ክረምት ላይ ዶፍ ሲወርድ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ በከባድ ዝናብ ውስጥ ስለሚዳከም ነው። ሪሲቨሩን ማጥፋትና ማብራት አይጠቅምም፣ ሲያባራ ራሱ ይመለሳል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር መፍትሔው ጄኔሬተር ያለው ቤት መምረጥ ነው።

ካሜራው መቼ ይቀርባል

ኳስ ስትንከባለል ምስሉ ከሩቅ ነው። ቅርብ ምስል የሚመጣው ኳስ ስትቆም ነው፦ የእጅ ውርወራ፣ ማዕዘን ምት፣ የቅጣት ምት ግድግዳ፣ ቅያሪ። ሻይህን ለመጠጣት ኳስ በመሃል ሜዳ ስትመላለስ ጠብቅ፤ ፊሽካ ሲነፋ ብርጭቆህን አስቀምጥ። ቫር (በቪዲዮ የሚታይ የዳኝነት ማጣሪያ) ሲጣራ ቤቱ በሙሉ ይነጫነጫል፤ ላንተ ግን በረከት ነው። ዳኛው ጆሮውን ይዞ ሲቆም ካሜራው የሚያሳየው አጥቶ ተጫዋቾቹ ላይ ይሰነብታል፤ ውኃ ሲጠጡ፣ ወገባቸውን ይዘው ሲተነፍሱ፣ በማልያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሲጠርጉ።

ጎል አግብቶ ማልያውን የሚያወልቅ ተጫዋች በሕጉ ቢጫ ካርድ ያያል። ስለዚህ ይህ የሚሆነው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች፣ ካርዱ የማያስቆጭ ጎል ሲገባ ነው። አስተማማኙ ሰዓት ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ፣ ማልያ ሲለዋወጡ ነው። የሚያበላሸው የቤቱ ባለቤት ነው፦ ጨዋታው እንዳለቀ ቻናል ይቀይራል ወይም ይዘጋል። «እባክህ ትንሽ ተወው፣ የአሠልጣኙን አስተያየት እንስማ» በለው፤ ማንም ይህን አይከለክልም።

ምን ይባላል

አማርኛችን በዚህ ለጋስ ነው። ወንድ ስለ ወንድ «ሎጋ ነው»፣ «ሸንቃጣ ነው»፣ «መለሎ»፣ «ደልዳላ»፣ «ፈርጣማ» ሲል ማንም ዞር ብሎ አያይም። ልኩ አድናቆትን ከሥራው ጋር ማሰር ነው። «ታፋውን ተመልከት» ብለህ ዝም ካልክ ዓረፍተ ነገሩ ይንጠለጠላል፤ «ታፋውን ተመልከት፣ ያንን ምት ያወጣለት እሱ ነው» ካልክ አጠገብህ ያለው ሰውዬ ራሱ ይጨምርልሃል። ስለ ፊት ብቻ ከማውራት ስለ አንገት፣ ስለ ጀርባና ስለ አቋቋም ማውራት ይሻላል፤ የተሻለ ዕውቀትም ነው።

የፋሲል ከነማ ጨዋታ ሲሆን ግን ቆጠብ በል። አጼዎቹ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሡ፣ ከተማው እንደ ልጁ የሚወዳቸው ናቸው፤ የተጫዋቹ ወንድም ወይም ጎረቤት አጠገብህ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ለእነሱ ስለ ጨዋታቸው ብቻ አውራ። የታዳጊ ቡድን ጨዋታ ደግሞ ከነጭራሹ የዚህ ጉዳይ አይደለም፤ እዚህ የምናወራው ስለ አዋቂ ሰዎች ነው።

መሙ ላይ

እግር ኳስ ከሚሰጠው በላይ የሚሰጠው አትሌቲክስ ነው። ሯጭ ልብሱ ቀላል ነው፣ የሚጋርደው የለም፣ ካሜራው ለረጅም ጊዜ አብሮት ይሮጣል። ዳይመንድ ሊግ የሚባለው የዓለም ዙር ውድድር ከሚያዝያና ግንቦት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም መጀመሪያ ድረስ ይካሄዳል፤ አውሮፓ ውስጥ ሲሆን ዋናው ክፍል ብዙ ጊዜ በእኛ ከምሽቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ነው። ኳስ ቤት ይህን የሚከፍትልህ ኢትዮጵያዊ ሲኖር ነው፤ ደግነቱ ከ1,500 ሜትር በላይ ባለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ይኖራል።

በ100 ሜትር የሚታየው መነሻው ነው። «ተዘጋጁ» ሲባል ዳሌ ከትከሻ በላይ ከፍ ይላል፤ ያንን አፍታ የታፋና የመቀመጫ ጡንቻ ሁሉ ተወጥሮ ይቆያል። ከዚያ በኋላ 10 ሰከንድ ነው፤ ዝግታ ምስሉን ጠብቅ።

10,000 ሜትር 25 ዙር ነውና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ትዕግሥቱን የሚያጣፍጠው ስሌት ነው። ስልክህ ላይ የሰዓት ቆጣሪውን ከፍተህ እያንዳንዱን ዙር ያዝ። በየዙሩ 63 ሰከንድ ከሆነ ማብቂያው 26:15 ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ ከሮጠው 26:17.53 ጋር የተጠጋጋ ፍጥነት። 66 እና 67 ከሆነ ሁሉም እየተጠባበቁ ነው፤ ሰለሞን ባረጋ ቶኪዮ ላይ ወርቅ ያገኘበት 27:43.22 ዓይነት ውድድር፣ በመጨረሻው ዙር የሚፈነዳ። እስከዚያ ድረስ ትከሻቸውን ተመልከት። የደከመው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ አገጩ ቀና ይላል፣ ጣቱ ይጨበጣል። ያልደከመው ጉንጩ ላላ ብሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ሲርገበገብ ታየዋለህ፤ እጁም ክፍት ነው። ባቱ ቀጭን ሆኖ ጡንቻው ወደ ጉልበት የተሰበሰበ፣ ከታች ረጅም ጅማት ያለው እግር መሬቱን ነክቶ ሲመለስ ድምፅ የማያወጣ ይመስላል። የእያንዳንዱ ሯጭ ሰውነት ታሪክም አለው፦ የኃይሌ ገብረሥላሴ ግራ ክንድ ከቀኙ ይልቅ ታጥፎ ወደ ደረቱ የሚጠጋው በልጅነቱ ደብተሩን በዚያ እጁ ይዞ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር ነው። አንዴ ካየኸው ከሺህ ሯጭ መካከል ትለየዋለህ።

ለውበት የተፈጠረው ርቀት ግን 3,000 ሜትር መሰናክል ነው፣ በዚህ አልደራደርም። ለወንዶች 91.4 ሳንቲሜትር ከፍታ ያላቸው 28 መሰናክሎችና 7 የውኃ ዝላዮች አሉት። ጉድጓዱ 3.66 ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ የሚበዛው መሰናክሉ ሥር ሲሆን ወደ ፊት እየሳሳ ይሄዳል። በደንብ ያልተስፈነጠረ ጥልቁ ላይ ያርፍና ፍጥነቱን ያጣል፤ ጎበዙ አንድ እግሩን ብቻ አርሶ ይወጣል። ከአራተኛው የውኃ ዝላይ በኋላ ሁሉም ርሰዋል፣ ቁምጣውም ገላ ላይ ተለጥፏል፤ መብራቱ ሲያርፍበት እያንዳንዱ ጡንቻ ይነበባል። የዓለም ክብረ ወሰኑን እ.ኤ.አ. በ2023 ፓሪስ ላይ በ7:52.11 የያዘው የኛው ለሜቻ ግርማ ነው። በመሰናክሎቹ ላይ ሲያልፍ ጭንቅላቱ ከፍ ዝቅ ሲል እምብዛም አታይም፤ ሥራው ሁሉ ከወገብ በታች ነው። ስፖርቱ አደገኛም ነው፤ በ2024 ኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ እሱ ራሱ በመጨረሻው ዙር መሰናክል አደናቅፎት በቃሬዛ ወጥቷል። መሰናክሉ እንደ አጭር ርቀቱ መሰናክል የሚወድቅ አይደለም፤ ሰው ቢመታውም አይነቃነቅም።

ቤት ውስጥ ብቻህን የምታያቸው

ኦሊምፒክ ሲመጣ ከከፍታ ወደ ውኃ የሚወረወሩትንና ጂምናስቲኩን አትለፍ። ኳስ ቤት አይከፈቱም፤ ስልክህ ላይ ታያቸዋለህ። ጠላቂዎቹ በየዝላዩ መካከል በትንሽ ፎጣ ገላቸውን ደጋግመው የሚያደርቁት ለማማር አይደለም፤ አየር ላይ ሲጠቀለሉ እግራቸውን አንቀው ይይዛሉ፣ እርጥብ ከሆነ እጃቸው ያንሸራትታል። በቀለበት ጂምናስቲክ አንድ አቋም የሚቆጠረው 2 ሰከንድ ሳይነቃነቅ ሲያዝ ነው፤ አብረህ ቁጠር፣ ክንዱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ታያለህ።

ከእኛው ወገን የሆኑም አሉ። እንግሊዛዊው ጠላቂ ቶም ዴይሊ ወንድ እንደሚወድ እ.ኤ.አ. በ2013 በይፋ ተናግሮ ቶኪዮ ላይ ከ10 ሜትር በጥንድ ወርቅ አግኝቷል፤ ተመልካች መካከል ተቀምጦም ሹራብ ሲሠራ ዓለም አይቶታል። አውስትራሊያዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ጆሽ ካቫሎ በ2021፣ የእንግሊዙ ጄክ ዳንኤልስ በ2022 እየተጫወቱ ሳሉ ተናግረዋል። ስማቸውን እወቅ፤ ኳስ ቤት ግን አታንሣ።

ከቤት ውጭ

መረብ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ካገኘህ በመረቡ ትክክል ከጎን ቁም። የወንዶች መረብ 2.43 ሜትር ነው፤ የሚመታው ሰው ተነሥቶ ጀርባው እንደ ቀስት ሲለጠጥ የሚታየው ከጎን ብቻ ነው። በገና ሰሞን ሜዳ ላይ ገና የሚጫወቱ ካሉ ሩሯ ቅልጥም ትሰብራለችና ራቅ ብለህ እይ። በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ የሚዘሉትን የሚያነሣ አይጠፋም፤ ያ ጸበል ነው፣ ከዚህ ጋር አይደባለቅ። ጠዋት አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው ሲያልፍ «አይዞህ፣ በርታ!» በለውና መንገድህን ቀጥል። ሰው ሳታስፈቅድ ፎቶ አታንሣ።

ስልክህ

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን በእስራት ይቀጣል። ስፖርተኛ ማድነቅ ወንጀል አይደለም፤ የሰው ወሬ ግን ሕጉን ሳይጠብቅ ይደርሳል፤ የሚነሣውም ብዙ ጊዜ ከስልክ ነው። ኢንስታግራም ላይ የምትከተላቸው ሰዎች ዝርዝር ይታያል፤ ሃያ ዋናተኛ ብቻ ከተከተልክ ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል። ክለቦችን፣ ፌዴሬሽኖችን፣ የስፖርት ጋዜጠኞችን ቀላቅል። የወደድከው ሪልስ ለጓደኞችህ ሊታይ ስለሚችል ልብ ከመጫን ማስቀመጥ ይሻላል። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርህን «ማንም» እንዳያየው አድርግ፤ ምስሎችን በራሱ ጋለሪ ውስጥ የሚያስቀምጠውንም አጥፋ፤ ጎል ልታሳይ ስልክህን ለሰው ስትሰጥ የሚያጋልጥህ እሱ ነው። «አንተም እንደኔ ነህ አይደል?» ብሎ ከየት መጣ ሳይባል የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ፈላጊ ነው፤ ፊትህን አትላክ፣ አትመልስ፣ ዝጋው።

የምታምነው ዜጋ (እንዳንተ ወንድ የሚወድ) ጓደኛ ካለህ ግን አብራችሁ ሂዱ፣ የተለያየ ቡድንም ደግፉ። አንዱ የአርሰናል፣ ሌላው የማንቸስተር ከሆናችሁ ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች እግርና ትከሻ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ማታውን ሙሉ ብትከራከሩ የሚገርመው ሰው የለም። ግማሽ ቤቱም ይቀላቀላችኋል።