«ይሄማ የእኛው ጎመን ነው!» እና ሌሎች የአትላንታ ስህተቶች

ባለፈው ሌበር ደይ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበርና ከሜሪላንድ ተነስተን አትላንታ ወረድን። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፤ እኛ ሐሙስ ማታ ገባን። እግረ መንገዳችንን የአሜሪካን ደቡብ ምግብ እንቅመስ ተባባልን። የተሳሳትነው ሁሉ ግን ምግቡ የእኛን ስለሚመስል የምናውቀው መስሎን ነው።

ጎመኑ ጾም ይመስላችኋል

ዋናው ይሄ ነው። አርብ ምሳ ላይ እማዬ ሜኑው ላይ «ኮላርድ ግሪንስ» ሲባል ሰምታ ደስ አላት። አሜሪካ ቤታችን የምንሠራው ጎመን እኮ እሱው ነው። ቅጠሉ አንድ፣ አሠራሩ ግን ለየቅል። ደቡቦች ጎመኑን ብዙ ጊዜ ከተጨሰ የአሳማ ቁርጭምጭሚት ጋር ለሰዓታት ይቀቅሉታል። እማዬ ሁለት ጊዜ ጎረሰች። በሦስተኛው ሹካዋ ላይ አንዲት ሮዝ ነገር ወጣች።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

ሰሃኑን ቀስ ብዬ ወደ እኔ ሳብኩት። «እግዜር ይይልህ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

«ሥጋ አለበት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «በምንድነው የተቀቀለው?» በሉ። ቦሎቄውና ፎሶሊያውም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። በተጨሰ ተርኪ የሚሠሩም አሉ፤ ያ አሳማ ለማይበላ እንጂ ለጾመኛ አይሆንም። ለሚበላው ሰው ግን መረቁን፣ «ፖት ሊከር» የሚሉትን፣ በበቆሎ ዳቦ እያጠቀሰ ይሞክረው። ፍትፍት ነው ማለት ይቻላል።

በሚጥሚጣ መኩራራት

ሆት ቺክን የናሽቪል ምግብ ነው፤ መነሻው 1930ዎቹ። እንደሚወራው አንዲት ሴት አምሽቶ የገባ ወዳጇን ለመቅጣት ዶሮው ላይ በርበሬ ከመረችበት፤ ሰውዬው ጭራሽ ወደደውና ምግብ ቤት ከፈተበት። በርበሬው በትኩስ ስብ ተለውሶ ስለሚቀባ አፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የወንድሜ ልጅ «እኛ ሚጥሚጣ ያሳደገን ነን» ብሎ የመጨረሻውን ደረጃ አዘዘ። ማታ የሠርጉ ዋዜማ ላይ እርጎ ይዞ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ከመካከለኛው ጀምሩ።

ግሪትስን ባዶውን ቀምሶ መፍረድ

ቀጠን ያለ የበቆሎ ገንፎ ነው። ቅቤና ጨው ካልገባበት፣ ወይም ሽሪምፕ በመረቁ ካልፈሰሰበት፣ ምኑም አይጥምም። የእኛም ገንፎ ቢሆን ያለ ቂቤና በርበሬ ማን ይበላዋል?

ለየራስ ማዘዝ

«ሚት ኤንድ ስሪ» ማለት አንድ ሥጋ ከሦስት ማባያ ጋር ነው። (ማክ ኤንድ ቺዝ ከአትክልቱ ጋር ተጽፎ ብታዩ አትደንግጡ፣ እዚያ እንደዚያ ነው።) ስምንት ሰው ሆነን ስምንት አዘዝን፤ 32 ዓይነት ነገር ጠረጴዛውን ሞላው። አራት አዛችሁ እንደ ማዕድ መሃል ብታደርጉት ይተርፋል።

ሻይም «ቲ» ካላችሁ በበረዶ ነው የሚመጣው፤ ስኳሩ ገና በትኩሱ ስለሚሟሟ ሽሮፕ ነው የሚመስለው። ትኩስ የሚፈልግ «ሆት ቲ» ይበል።

እሁድ ከቸርች መውጫ ላይ መድረስ

እኛ 11 ሆነን ከቀኑ 6፡30 ደረስን። ወረፋው መኪና ማቆሚያው ድረስ ወጥቷል። ሴቶቹ ትልልቅ ባርኔጣ ደፍተዋል፣ የእኛዎቹ ነጠላ ለብሰዋል፤ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ተራችን ሲደርስ አስተናጋጇ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ እማዬ ጣቷን አነሳች።

«ኖ ፒግ። ኦኬ?»