የፍሬሽማን ሳይኮሎጂ ፋይናል፦ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ተማሪዎች ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ሳይኮሎጂ የሚባል ትምህርት የለም። ስለዚህ አብዛኛው ልጅ ከዚህ ትምህርት ጋር የሚተዋወቀው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በፍሬሽማን ዓመት ጄነራል ሳይኮሎጂን ከላይፍ ስኪልስ ጋር አጣምሮ የያዘውን ኮርስ ሲወስድ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ተመደባችሁም ኮምቦልቻ፣ ኮርሱ ያው ነው። ደሴ ላይ ፍሬሽማኖችን ሳስጠና ደጋግሜ የማየውና የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፦ ልጆቹ ስለ ማስታወስና ስለ መርሳት ሙሉ ምዕራፍ ያነባሉ፣ ያነበቡትን ግን ለራሳቸው ጥናት አይጠቀሙበትም። የኮርሱ መማሪያ ሞጁል እንዴት እንደሚጠና እየነገራቸው እነሱ ቶሎ በሚያስረሳው መንገድ ያጠኑታል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

«ይቺማ ወሬ ናት» ብሎ ማቅለል

ሲኒየሮች «ሳይኮሎጂ ሳይነበብም ይሠራል» ይላሉ። በማትስና በፊዚክስ ለተጨነቀ ልጅ ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው። ሞጁሉን ሲገልጠውም ስለ ፍርሃት፣ ስለ ረሃብ፣ ስለ ቁጣ ስለሚያወራ ሁሉንም የሚያውቀው ይመስለዋል። ፈተናው ግን የሚጠይቀው የሚመሳሰሉ ነገሮችን መለየት ነው። ለምሳሌ ሴንሴሽን ማለት ዓይን፣ ጆሮ ወይም ቆዳ ከውጭ ያገኘውን ተቀብሎ ወደ ነርቭ መልእክት ሲለውጠው ነው። ፐርሰፕሽን ደግሞ አንጎል ያንን መልእክት አደራጅቶ ትርጉም ሲሰጠው ነው። የጦሳን ተራራ ጭጋግ በሸፈነበት ጠዋት ከሩቅ አንድ ጥቁር ነገር ዓይናችሁ ላይ ማረፉ ሴንሴሽን ነው፤ አንዱ «ዛፍ ነው»፣ ሌላው «ሰው ነው» ማለቱ ፐርሰፕሽን ነው። ይህን ልዩነት ያልጨበጠ ተማሪ ምርጫ ጥያቄ ሲመጣለት አራቱም መልስ ልክ ይመስሉታል።

ደጋግሞ ማንበብና ማስመር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚጎዳው ታታሪዎቹን ነውና። ሞጁሉን ሦስት አራት ጊዜ ያነባሉ፣ ገጹን በሃይላይተር ቢጫ ያደርጉታል፣ በመጨረሻ ሁሉም ነገር ለዓይናቸው ይለመድና «ገብቶኛል» ይላሉ። የለመዱት ግን ገጹን ነው። ፊት ለፊት ያለን ነገር አይቶ «አውቀዋለሁ» ማለት ሪኮግኒሽን ይባላል፤ ምንም ሳያዩ ከአእምሮ ማውጣት ደግሞ ሪኮል። በንባብ የምትለማመዱት የመጀመሪያውን ነው፤ ባዶ ቦታ ሙላና አብራራ የሚሉ ጥያቄዎች የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንዳንዶቹ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ አንብበው ዘጉትና ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ዘግተው ለማስታወስ የታገሉት በለጡ። ፋይናል ደግሞ ካነበባችሁ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አንድ ንዑስ ርዕስ አንብቡ፣ ሞጁሉን ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የያዛችሁትን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ሙሉበት። በሌላው ቀለም የተጻፈው የነገ ጥናታችሁ ነው። ኤቢንግሃውስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን ራሱ እያጠና፣ ብዙው መርሳት የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነና ቀስ በቀስ ፍጥነቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ክለሳው በነጋታው ይጀመር፤ ከዚያ ከቀናት በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ ይደገም። የዶርም ጓደኛ ካላችሁ ጮክ ብላችሁ በአማርኛ አስረዱት። ይህ አጠናን ከማንበብ ይከብዳል፣ «አልገባኝም ማለት ነው» የሚል ስሜትም ያሳድራል። ተስፋ አትቁረጡ፤ ያ ትግል ራሱ ነው ነገሩ ጭንቅላት ውስጥ እንዲቀር የሚያደርገው።

ትርጉሙን ሸምድዶ ምሳሌ አለመሥራት

የኮንዲሽኒንግን ትርጉም ቃል በቃል የሚወጣ ልጅ፣ አንድ ታሪክ ተሰጥቶት «እዚህ ውስጥ ኮንዲሽንድ ስቲሙለሱ የቱ ነው?» ሲባል ዝም ይላል። (ስቲሙለስ ቀስቃሹ ነገር፣ ሪስፖንስ ደግሞ ምላሹ ነው።) መድኃኒቱ ከራሳችሁ ኑሮ አንድ ጥሩ ምሳሌ ወስዶ ምዕራፉን በሙሉ በእሱ ላይ መሞከር ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ጥምዝምዙ መንገድ አቅለሸለሻችሁ እንበል። ሚኒባሱ ውስጥ ደግሞ የናፍጣ ሽታ ነበር። ሌላ ቀን መናኸሪያ ስትገቡ፣ መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ፣ ሽታው ብቻ ሆዳችሁን ያገላብጠዋል። መጠማዘዙ ያለ ምንም ትምህርት የሚያቅለሸልሽ ስለሆነ አንኮንዲሽንድ ስቲሙለስ ነው፤ በእሱ የመጣው ማቅለሽለሽ አንኮንዲሽንድ ሪስፖንስ ነው። የናፍጣው ሽታ መጀመሪያ ሆዳችሁን አይነካውም ነበር፤ ከመጠማዘዙ ጋር ስለተጣመረ ኮንዲሽንድ ስቲሙለስ ሆነ። ሽታው ብቻውን ያመጣው ማቅለሽለሽ ኮንዲሽንድ ሪስፖንስ ነው። የቤንዚን ሽታም ካቅለሸለሻችሁ ጄነራላይዜሽን ነው። ሜዳ ለሜዳ እየተጓዛችሁ ሽታው ደጋግሞ ያለ መጠማዘዝ ሲመጣና ማቅለሽለሹ እየቀነሰ ሲጠፋ ኤክስቲንክሽን ነው። ፓቭሎቭ በውሾቹ ምራቅ ያሳየውም ይህንኑ ሂደት ነው፤ ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ ይባላል።

ባህርይ በሚያስከትለው ውጤት የሚጨምርበት ወይም የሚቀንስበት ደግሞ ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ ነው፤ እዚህ ብዙ ልጅ ነጥብ የሚጥለው ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንትን ቅጣት አድርጎ ነው። «ኔጋቲቭ» የሚለውን «መጥፎ» ብለው ይወስዱታል። ሁለት ጥያቄ በተራ ጠይቁ። አንደኛ፣ ባህርዩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ከጨመረ ሪኢንፎርስመንት ነው፣ ከቀነሰ ፐኒሽመንት። ሁለተኛ፣ አንድ ነገር መጣ ወይስ ተወገደ? ከመጣ ፖዘቲቭ፣ ከተወገደ ኔጋቲቭ። በታኅሣሥ የደሴ ብርድ ጋቢ ስትደርቡ ብርዱ ይለቃችኋል፣ በማግስቱም ትደርባላችሁ፤ የሚያስቸግር ነገር ተወግዶ ባህርዩ ጨመረ፣ ስለዚህ ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት ነው። ሌሊት ሙዚቃ የሚያስጮህ ልጅ ጓደኞቹ ተቆጥተውት ከተወ፣ ቁጣ መጥቶ ባህርዩ ቀነሰ፣ ፖዘቲቭ ፐኒሽመንት ነው። ስፒከሩ ተወስዶበት ከተወ ኔጋቲቭ ፐኒሽመንት ነው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል የጠየቀ ተማሪ እዚህ ላይ አይሳሳትም።

ስሞችንና ዓመታትን እንደ ስልክ ቁጥር መያዝ

ቩንት፣ ቲችነር፣ ጄምስ፣ ዋትሰን፣ ፍሮይድ፣ ማስሎው እያሉ የሳይኮሎጂ ሊቃውንትን በዝርዝር መሸምደድ ፈተና ላይ ያቀያይርባችኋል። የሚከራከሩ ሰዎች አድርጋችሁ ያዟቸው። ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመን፣ ላይፕሲግ ላይ የሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራ ከፈተ። ተማሪው ቲችነር አእምሮ ከምን ከምን እንደተሠራ እንፈትሽ አለ፤ ስትራክቸራሊዝም። ጄምስ «ከምን እንደተሠራ ሳይሆን ለምን እንደሚጠቅም እንይ» በሚል መንፈስ መጣ፤ ፈንክሽናሊዝም። የጌስታልት ሰዎች ቆራርጣችሁ ስታዩት ሙሉው ይጠፋል ብለው ተቃወሙ። ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1913 የማይታየውን ትተን የሚታየውን ባህርይ ብቻ እናጥና አለ። ፍሮይድ ደግሞ ዋናው ነገር ያለው እኛ ራሳችን የማናውቀው የአእምሮ ክፍል ውስጥ ነው አለ። ማስሎውና ሮጀርስ በኋላ ዋትሰንም ፍሮይድም የሰውን የማደግ ፍላጎት ረስተውታል ብለው ተነሱ። አንዱ ለሌላው ምን እንደመለሰ ከያዛችሁ ስሙ ራሱ ይከተላል።

የስሜት ቲዎሪዎችንም እንዲሁ። ማታ ወደ ዶርም ስትመለሱ ጅብ አያችሁ። ጄምስና ላንግ ልባችሁ መምታቱን ስታውቁ ነው የፈራችሁት ይላሉ። ካነንና ባርድ የልብ ምቱና ፍርሃቱ በአንድ ጊዜ መጡ ይላሉ። ሻክተርና ሲንገር ልብ ይመታል፣ ከዚያ «ለምን መታ?» ብላችሁ የሰጣችሁት ምክንያት ነው ፍርሃት ያደረገው ይላሉ።

የሞጁሉን የኋላ ምዕራፎች መተው

ላይፍ ስኪልስ ምክር ስለሚመስል ይዘለላል። ከዚያም ጥያቄ ይወጣል። የጊዜ አጠቃቀም፣ ውጥረትን መቋቋም፣ የፈተና ፍርሃት፣ ግጭት አፈታት፤ ቀላል ስለሆኑ ቀድማችሁ ጨርሷቸው።

በቴሌግራም የሚዞር ፈተና ብቻ ይዞ መግባት

የዱሮ ፈተና የጥያቄውን ዓይነት ለማወቅ ይጠቅማል። የመልሱን ፊደል መያዝ ግን አይጠቅምም፤ የሚዞሩት መልሶች ውስጥ የተሳሳቱ አሉ። እያንዳንዱን ጥያቄ ስትሠሩ ሦስቱ አማራጮች ለምን ልክ እንዳልሆኑ ካልተናገራችሁ አልሠራችሁትም።

ተመሳሳይ ነገሮችን በአንድ ሌሊት መቆለል፣ እንቅልፍንም መሠዋት

ክላሲካልና ኦፐራንትን፣ ወይም ሳይኮሎጂንና አንትሮፖሎጂን በተከታታይ ማጥናት ያደበላልቃል። ቀድሞ የተጠናው አዲሱን ሲያውክ ፕሮአክቲቭ፣ አዲሱ የቀድሞውን ሲያውክ ሪትሮአክቲቭ ኢንተርፈረንስ ይባላል። መሃል ላይ ሒሳብ ሥሩ ወይም እረፍት ውሰዱ።

በፈተና ሰሞን ጫት ይዞ ማደር እዚህ ብዙዎች የሚከተሉት ልማድ ነው። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፤ ጠዋት ወረቀቱ ሲመጣ እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ነው የሚቀርበው። ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1924 ካጠኑ በኋላ መተኛት፣ ነቅቶ ከመቆየት ይልቅ የተማሩትን እንደሚያስቀር አሳይተዋል። ይህን ያህል ዘመን የታወቀ ነገር ነው። እባካችሁ፣ ከፈተና በፊት ባለው ሌሊት ተኙ። ያልደረሳችሁበት ምዕራፍ ቢኖርም ተኙ።

ፈተና ክፍል ውስጥ

የርክስና ዶድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 ካሳተሙት ሥራ ጀምሮ የሚታወቅ ነገር አለ፦ መካከለኛ መነቃቃት ይረዳል፣ ከልክ ያለፈው በተለይ ከባድ ሥራ ላይ ያበላሻል። በር ላይ ቆሞ «ይሄን አንብበሃል? ያንንስ?» የሚባባል ቡድን ካለ ራቁት። «ኤክሴፕት» እና «ኖት» የሚሉ ቃላት ላይ አስምሩ። የምታውቁት ስም ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ደርሶ እምቢ ካለ አትታገሉት፣ ዝለሉት፤ ብዙ ጊዜ የጠፋው ነገሩ ራሱ ሳይሆን የሚጠራው ፍንጭ ነው፣ ያንን ፍንጭ ደግሞ ወደ ኋላ ያለ ሌላ ጥያቄ ይዞት ሊመጣ ይችላል። ስትዘሉ ግን መልስ ወረቀቱ ላይም ያንኑ ቁጥር መዝለላችሁን አረጋግጡ።