አይኤስኦ ፋይል ማውንት አልሆን ሲላችሁ

ኡቡንቱ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም አይኤስኦ (የሙሉ ዲስክ ቅጂ የያዘ ፋይል) አውርጄ ዊንዶውስ 10 ላይ ማውንት ላድርግ፣ ማለትም እንደ ዲስክ ልክፈተው ስል እምቢ አለኝ። ፋይሉ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት) ድራይቭ ላይ መሆኑን፣ የታመቀ ፎልደር ውስጥ አለመሆኑን አረጋግጥ ይላል። ድራይቩ ኤንቲኤፍኤስ ነው፤ ያመቅኩትም ነገር የለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፋይሉን ነው። እዚህ ጅማ መብራት ሄዶ ሲመጣ በዳውንሎድ ማናጀር ካቆመበት እያስቀጠልኩ ነው ያወረድኩት፣ ስለዚህ ይበላሻል ብዬ ብጠረጥር አይፈረድብኝም። ግን ሻ-256ቱን (ፋይሉ አለመበላሸቱ የሚረጋገጥበትን ኮድ) ሳወዳድር ኡቡንቱ ካወጣው ጋር አንድ ነው። ሰቨን ዚፕ የሚባለው የታመቀ ፋይል መክፈቻ ፕሮግራምም ያለ ችግር ከፈተው። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ባደርግ፣ በዊንዶውስ ኤክስፕሎረር ክፈት ብለው፣ ወይ ፍንክች።

ሂርማታ አካባቢ የኮምፒውተር ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ጋ በፍላሽ ልወስደው አልኩ። ፍላሹ ፋት32 በሚባል የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ስለነበር ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ወደ ኤክስፋት ፎርማት አደረግኩት። ፎርማት ሁሉንም ያጠፋልና ውስጡ ያለውን ቀድማችሁ አውጡ። እሱ ማሽን ላይ ወዲያው ተከፈተ። ያው ፋይል!

ለካ አንዳንድ ዳውንሎድ ማናጀሮችና የቶረንት ፕሮግራሞች ፋይሉ ላይ ስፓርስ የሚባል (የፋይሉ ባዶ ክፍል ዲስክ ላይ ቦታ እንዳይይዝ የሚያደርግ) ምልክት ይተዋሉ፣ ዊንዶውስ ደግሞ ይህ ምልክት ያለበትን አይኤስኦ ማውንት አያደርግም። ኤክስፋት ምልክቱን ስለማያውቀው ኮፒው ላይ አልተረፈም።

ስለዚህ ፍላሽም አያስፈልግም። አይኤስኦውን እዚያው ፎልደር ውስጥ ኮፒ ፔስት አድርጉና ኮፒውን በቀኝ ክሊክ ማውንት በሉት። የኔ እንደ ዲቪዲ ድራይቭ ብቅ አለ። ዋናውን ከዚያ አጥፉት፣ ቦታ ይበላል።