ለሹፌር የሚሆን የብሉቱዝ መነጋገሪያ አመራረጥ

እነዚህን ዕቃዎች አብዛኛው ሰው የሚፈትሻቸው በራሱ ጆሮ ነው። ከስልኩ ጋር ያገናኛል፣ ዘፈን ይከፍታል፣ ጥርት ብሎ ከተሰማው ከፍሎ ይሄዳል። ጉዱ የሚወጣው መንገድ ላይ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ኧረ አይሰማም! የት ሆነህ ነው?» ማለት ሲጀምር ነው። ደካማ ስፒከር ድምፅ ሲጨምሩለት ይሻለዋል፤ ደካማ ማይክን ግን በኋላ የሚያድነው ነገር የለም። ስለዚህ ስለ መልኩና ስለ ዋጋው ከማሰብዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ማይኩ ከአፍ ምን ያህል ይርቃል? ንፋስስ ያገኘዋል ወይ?

መጀመሪያ መኪናው ያለውን ይዩ

መሪው ላይ የስልክ ምልክት ያለው ቁልፍ ካለ ወይም ቴፑ ላይ «ስልክ» የሚል ምርጫ ካለ ምናልባት የሚገዛ ነገር አይኖርም። «ብሉቱዝ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ግን አያስተማምንም። ብሉቱዝ ለየሥራው የተለያየ ደንብ (ፕሮፋይል) አለው፤ ሙዚቃ የሚያልፈው ኤቱዲፒ (A2DP) በሚባለው ነው፤ ጥሪ ደግሞ ኤችኤፍፒ (HFP) በሚባለው። ኤችኤፍፒ የሌለው ቴፕ ዘፈን አሳምሮ ያጫውትና ስልክ ሲደወል ድምፁ ተመልሶ ስልኩ ውስጥ ይገባል። አዲስ ዕቃ ሲገዙም ካርቶኑ ላይ ቀድመው የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

የትኛው ዓይነት?

ቴፕ የሚቀይሩ ከሆነ የውጭ ማይክ ማስገቢያ ያለውን ይውሰዱ። ማይኩ በራሱ ሽቦ ስለሚመጣ ከመሪው ዘንግ በላይ ወይም ከሹፌሩ አናት ፊት ለፊት ባለው የጣሪያ ጠርዝ ላይ ሊደረግ ይችላል፤ በጥራት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈውም ይኸው ነው። ሽቦው ሲዘረጋ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፊት መስታወቱና በበሩ መካከል ባለው ምሰሶ ውስጥ ኤርባግ ያላቸው መኪኖች አሉ። ሽቦ በኤርባጉ ፊት ካለፈ አከፋፈቱን ሊያደናቅፍ ስለሚችል፣ የምሰሶውን ሽፋን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ባይነካካው ይሻላል።

ቴፑን ለማይነካ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ የፀሐይ መከለያው ላይ በክሊፕ የሚያዘው ስፒከር ነው። ማይኩ ከአፍ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቀመጣል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ማይኩ ጋ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ የሞተሩና የጎማው ጩኸት ግን ባለበት ነው። ለዚህ ነው 20 ሳንቲ ሜትር እንኳን ማቅረብ ለውጡ የሚሰማው። ሲገዙ ማይኩን በዓይንዎ ይፈልጉት፦ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ናት፤ ክሊፑ ወይም የመከለያው ጨርቅ እንዳይሸፍናት አዙረው ይዩ። መከለያው ወደ ታች ሲታጠፍ ዕቃው ወደ መስታወቱ ዞሮ የሚደበቅ ከሆነ ፀሐይ ባለ ሰዓት ሁሉ ድምፅዎ ይታፈናል።

የእንቅስቃሴ ሴንሰር ያለው ይመረጣል፤ በሩ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ራሱ በርቶ ስልኩን ያገኛል። በየጊዜው እያበሩ የሚያገናኙት ዕቃ ውሎ አድሮ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ትልቁ ጠላቱ ሙቀት ነው። የሊቲየም ባትሪ በአብዛኛው ቻርጅ መደረግ ያለበት ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ሲሆን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና መስታወት አካባቢ ከዚያ በላይ ይግላል። ስለዚህ ሲያቆሙ ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያስገቡት፤ እንደገቡም ቻርጀር አይሰኩበት። ባትሪው ተነፍቶ ሽፋኑ ከተላቀቀ የሚጠገን አይደለም፣ ይጣል፤ ግን ከቆሻሻ ጋር ሳይሆን ባትሪ ለብቻው በሚሰበሰብበት ቦታ።

ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ባለ አንድ ጆሮ ማዳመጫ ማይኩን ከሁሉም ያቀርባል፤ ጩኸታም የጭነት መኪና ለሚነዳ ሰው ወደር የለውም። ሁለቱንም ጆሮ የሚደፍነው ግን ለሹፌር አይሆንም፤ የሌላ መኪና ጥሩምባና የአምቡላንስ ድምፅ ይጋርዳል። ሕጉንም ይጠይቁ። ለምሳሌ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እየነዱ ማንኛውንም ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ መጠቀም ከልክላለች።

የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ኤፍኤም ትራንስሚተር ርካሽ ስለሆነ ብዙ ይሸጣል። ለሙዚቃ ይሁን፤ ለጥሪ ግን ከሁሉም የሚያንሰው እሱ ነው። ማይኩ ማርሽ አጠገብ፣ ከአፍ ርቆ ይቀራል፤ ኤሲውን ከከፈቱ ደግሞ ንፋሱን ይቀበላል። ድምፁን ወደ ቴፑ የሚያስተላልፈው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው የራዲዮ መስመር ስለሆነ ባዶ ጣቢያ መፈለግ ግድ ነው፤ ረጅም መንገድ ላይ ደግሞ ባዶ የነበረው ጣቢያ ሌላ ቦታ ተይዞ ይገኛል። አጠገብዎ የቆመ መኪና በዚያው ጣቢያ ላይ ከሆነ የሚያናግርዎትን ሰው ሊሰማው እንደሚችልም አይርሱ። የጭነት መኪና 24 ቮልት ስለሆነ ዕቃው ላይ «12–24 ቮልት» ካልተጻፈ አይሰኩት። ቁልፍ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ የማይቋረጥበት መለኮሻ ከሆነ ሲወርዱ ይንቀሉት፤ ለብዙ ቀን የቆመ መኪና ባትሪ በዚህ ሊደክም ይችላል።

ከቴፑ ጋር በኦክስ (የድምፅ ማስገቢያ) ገመድ የሚገናኘው የብሉቱዝ ዕቃ ከኤፍኤሙ ይሻላል። የታወቀ ችግሩ ነዳጅ ሲሰጡ አብሮ የሚጨምር ፉጨት ነው። ለመለየት የቻርጀሩን ገመድ ነቅለው በባትሪው ብቻ ይሞክሩት። ፉጨቱ ከጠፋ፣ የኦክሱና የቻርጀሩ ኔጌቲቭ በሁለት መንገድ ተገናኝቶ የዲናሞውን ድምፅ እያስገባ ነው፤ ኦክሱ ላይ የሚገባ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ያስቀረዋል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ

«ብሉቱዝ 5.3» የሚለው ቁጥር ብቻውን ጥሪን አያጠራም። ከዚያ ይልቅ «ኤችዲ ቮይስ» ወይም «ዋይድባንድ» የሚል ይፈልጉ። የቀድሞው የጥሪ ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል የሚቀይርበት ዘዴ)፣ ሲቪኤስዲ፣ ድምፅን በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ ኤምኤስቢሲ የሚባለው ግን 16,000 ጊዜ። ልዩነቱ «ሰ» እና «ፈ» ላይ ይታወቃል። ስልኩም ኔትወርኩም ካልደገፉት ግን ጥቅም የለውም። ሁለት ስልክ የሚይዝ ሰው «መልቲፖይንት» (ከሁለት ስልክ ጋር በአንዴ የሚገናኝ) የሚል ያለበትን ይውሰድ።

ቁልፉን ዓይንዎን ጨፍነው ያግኙት። የጥሪ ማንሻው ቁልፍ ከድምፅ መጨመሪያው በመጠን ወይም በቅርፅ ካልተለየ ሌላ ይፈልጉ፦ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 2 ሴኮንድ ቁልፍ መፈለግ ማለት 33 ሜትር ሳያዩ መሄድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእጅ ሳይያዝ የሚወራ ስልክም በእጅ ከሚያዘው ብዙም አይሻልም፤ ሐሳብ ይከፋፈላላ። ስለዚህ ዕቃው ለአጭር ጥሪ ነው፤ ጭቅጭቅ ያለበት ወሬ መኪና አቁመው የሚያወሩት ነው።

ማገናኘትና መፈተሽ

ዕቃው ጠፍቶ እያለ የማብሪያ ቁልፉን 5 ሴኮንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ብዙዎቹ ሰማያዊና ቀይ መብራት ሲያፈራርቁ ዝግጁ ናቸው። ስልኩ ላይ ስሙን መርጠው ያገናኙ፤ ኮድ ከጠየቀ 0000 ወይም 1234 ይሞክሩ። የስልክ ማውጫ ፈቃድ ሲጠይቅ እምቢ ካሉት የሚደውልልዎት ሰው በስም አይታይም። ዘፈን በዕቃው እየመጣ ጥሪ ብቻ በስልኩ የሚወጣ ከሆነ ስልኩ ላይ የዕቃውን ቅንብር ከፍተው «የስልክ ጥሪዎች» የሚለውን ያብሩት።

ድምፅ መቅጃ አፕ ለፍተሻ አይሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዳው በስልኩ በራሱ ማይክ ነው። መኪናውን አቁመው ሞተሩን ያስነሱ፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ከዚያ ለሰው ደውለው ቁጥሮች ያንብቡለት፤ «ይሰማል» ከሚልዎት ይልቅ ቁጥሮቹን መልሶ ይንገርዎት። ከተሳሳተ የንፋስ መውጫውን ከማይኩ ያዙሩና ይድገሙ። ቆሞ ደህና ሆኖ ሲሄድ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ መስኮቱን ይዝጉ።

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የገዛ ድምፁ ከተመለሰለት ጥፋቱ የእርስዎ ስፒከር ነው፤ ድምፁን ሁለት ሦስት ደረጃ ይቀንሱ። በኤፍኤምና በኦክስ ይህ ይብሳል፣ ምክንያቱም ኤኮ የሚያጠፋው ዕቃው ሲሆን የቴፑን ድምፅ ከፍታ አያውቀውም።

መኪናውን ሲሸጡ ወይም የተከራዩትን ሲመልሱ ቴፑ ውስጥ የቀረውን የስልክዎን ስምና ማውጫ ይሰርዙ፤ ከስልኩ ላይ ብቻ ማጥፋት ቴፑ የገለበጠውን አያጠፋም።